ሳትጠየቅ የሚወሰንላት ሴት በፊልም ታሪክ

ፊልም የተሰወረውን የመግለጥ ኃይል እንዳለው የወሎ ሕዝብ ከመራራ ታሪኩ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ያቀረበው የወሎ ረሀብ ፊልም ተሸሽጎ የነበረውን እልቂት ለዓለም አጋለጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ይሁንና እንዲህ ያለው ፊልም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ በካሜራ ፊት የቆመው ሰው የሚታዘንለት ብቻ ነውን? ወይስ የራሱ ፈቃድና ቃል ያለው ባለ ታሪክ?

ይህ ጥያቄ እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው የፊልም ታሪክ ምዕራፎች አንዱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸውን ወጣት ሴቶች ፍቅር የሚተርከው ነው። ኢጣሊያዊው ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው «ላ ስትራዳ»፣ ጄልሶሚና የተባለችውን የዋህ ልጃገረድ ድኻ እናቷ በ10,000 ሊሬ ለተጓዡ ትርኢተኛ ለዛምፓኖ አሳልፋ ትሰጣታለች። ዛምፓኖ ጉልበቷን ይበዘብዛል፤ ፍቅሯን ግን አያይም። ማንነቷ የሚገባው ከሞተች በኋላ፣ በባሕር ዳር ብቻውን ወድቆ ሲያለቅስ ነው።

ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በኤልዛቤት ስፔንሰር ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በጋይ ግሪን አዘጋጅነት የቀረበው «ላይት ኢን ዘ ፒያሳ» ደግሞ ከባለጸጋ ቤት ይነሣል። አሜሪካዊቷ ክላራ በልጅነቷ ፈረስ ጭንቅላቷን ስለ መታት አእምሮዋ ከ10 ዓመት ልጅ አእምሮ አላለፈም። በፍሎረንስ ከተማ ከፋብሪትዚዮ ጋር ትፋቀራለች። አባቷ ወደ ልዩ ተቋም ሊያስገባት ሲቆርጥ፣ እናቷ የልጇን ሁኔታ ከሙሽራው ቤተ ሰብ ሰውራ ጋብቻውን ታፋጥናለች። የሙሽራው አባት የክላራን ዕድሜ ባወቀ ጊዜ ያፈገፍጋል፤ ማጫው ከፍ ሲል ግን ይስማማል።

በአንደኛው ፊልም እናት ገንዘብ ትቀበላለች፤ በሁለተኛው ትከፍላለች። አንደኛዋ በድኽነት፣ ሌላዋ በስስት ፍቅር ተገፋፍተዋል፤ ውሉ ግን በሁለቱም ዘንድ ከልጂቱ ጀርባ የታሰረ ነው። ሁለተኛው ፊልም ክላራ ማፍቀርም መፈቀርም እንደምትችል በማሳየቱ ከዘመኑ ቀድሟል፤ ስለ ራሷ እውነቱን ሰምታ እንድትወስን ግን አላደረገም።

የእናቲቱን ፍርሃት ለመረዳት ዘመኑን ማየት ያሻል። በአሜሪካ «ደካማ አእምሮ» የተባሉ ሰዎች ለብዙ ዘመን በየተቋሙ ተዘግቶባቸው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ ባክ የተባለችው የቨርጂኒያ ወጣት ያለ ፈቃዷ እንድትመክን የወጣውን ትእዛዝ በ8 ለ1 ድምፅ አጽንቷል።

የመገለልን ምንነት ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ባካሄዱት ጉባኤ በታሪክ ቢወሳም፣ በሆስፒታሉ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ይታወቃል። ከመንደር ተገፍቶ ወደዚያ የመጣ ሕመምተኛ ቁስሉ ሲድን እንኳ የሰው ዓይን አልዳነለትም ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚያስገባው ልማድም የዚያው ዘመድ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የማግባት መብታቸውን ያረጋግጣል። ሕጉ በዚህ ረገድ ከፊልሙ ቀድሞ ሄዷል።

እንግዲህ ደራሲያችን፣ ተዋናያችንና መምህራችን ሊመዝኑት የሚገባው ነገር ግልጽ ነው። እንዲህ ያለችው ገጸ ባሕርይ ተመልካችን ስላስለቀሰች ብቻ ድርሰቱ ተሳካ አይባልም። እናት፣ አባትና ሽማግሌ ተናግረው ሲያበቁ፣ ለእርሷም የመናገሪያ ተራ ተሰጥቷት፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» ያለችው ቃል የታሪኩን አቅጣጫ የለወጠ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ እርሷ በእውነት ተጽፏል ማለት ይቻላል።