የደበዘዘው አበባ የማን ጥፋት ነው?

መስከረም በጠባ ቁጥር የማይቀርልን አንድ ልማድ አለ። ካሜራችንን አንጠልጥለን እንጦጦ እንወጣለን፣ አደይ አበባ እናነሳለን፣ ቤት ገብተን ስናየው ያነሳነው አበባ ሳይሆን ቢጫ ጭጋግ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መቼም አያከራክረንም። «በርካሽ ካሜራ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» ብለን እንገላገላለን። ተከራክረን የገዛናት ያገለገለች ካሜራችን አፍ ቢኖራት ምን ትለን እንደነበር እንጃ!

ዘንድሮ ግን ይቺን ሰበባችንን ታሪክ አፈረሰብን።

ነገሩ ከጥንት ይጀምራል። አና አትኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1843 የባሕር አረሞችን ምስል በመጽሐፍ ማሳተም ስትጀምር ካሜራ የሚባል ነገር አልተጠቀመችም። በብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ላይ ዕፅዋቱን አስቀምጣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ በውኃ ታጥበዋለች። ፀሐይ ያገኘው ወረቀት ሰማያዊ ይሆናል፣ በዕፅዋቱ የተሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቃ! ይህ ሥራ በፎቶግራፍ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደሆነ ይነገርለታል። እኛ «ሌንሱ ደካማ ነው» ስንል ሴትየዋ ሌንስም አልነበራት።

እኛን ይበልጥ ያሳፈረን ግን ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት ነው። ሰውየው (ከ1865 እስከ 1932 የኖረ ነው) በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም። በርሊን ውስጥ በአንድ የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ30 ዓመት በላይ ያስተማረ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ከዕፅዋት ቅርፅ እንዲማሩለት ይፈልጋል፤ ቡቃያና እንቡጥ ግን በእጅ ይዘው ሲያዩት ትንሽ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ራሱ ሠራ፣ ቡቃያውንም እስከ 30 እጥፍ አጎላው። ዕፅዋቱን ከአበባ ሻጭ አልገዛም፤ አብዛኛውን ከመንገድ ዳርና ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው የለቀመው።

ታዲያ ምስጢሩ ምን ነበር? ፎቶዎቹን ደጋግመን አየናቸው። ከአበባው ጀርባ ያለው ግራጫ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ካርቶን ብቻ ነው። ብርሃኑ ለስላሳ የቀን ብርሃን ነው። አነሳሱም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ፊት ለፊት፣ አንዳንዴም ከላይ። ይህንኑ ሳይሰለች በሺዎች ለሚቆጠሩ ፎቶዎች ደገመው። በ1928 መጽሐፉ ሲታተም ዕድሜው 60ዎቹ ውስጥ ነበር፤ መምህሩም ድንገት ዝነኛ ሆነ።

አሜሪካዊቷ ኢሞጀን ከኒንግሃምም አለች። እሷ እንኳን ከኛ የተሻለ ካሜራ ነበራት፤ ያጣችው ጊዜ ነው። በ1920ዎቹ ሦስት ወንዶች ልጆች እያሳደገች ከቤት መራቅ ሲያቅጣት ፊቷን ወደ ጓሮዋ አበቦች አዞረች። በ1925 ያነሳችው የማግኖሊያ አበባ እስከ ዛሬ ስሟን ያስጠራል።

እኛም ሰበባችን ሲያልቅ ካሜራችንን መመርመር ጀመርን። ላይዋ ያለችውን ትንሽ የአበባ ምልክት ለጌጥ የተሳለች ይመስለን ነበር! ለካ ቅርብ ያለ ነገር ማንሻ ናት። እሷን ሳንጫን አበባው ላይ አፍንጫችንን ስንደቅን ካሜራዋ ማየት የማትችለውን እንድታይ እያስገደድናት ኖረናል።

በማግስቱ ተመልሰን ወጣን፤ በቀትር ሳይሆን በማለዳ። ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አስደገፍናት። በጣታችን ስንጫን እንዳትነቃነቅ ብለን ራሷ ቆጥራ እንድታነሳ አደረግን። አንዳችን የጫማ ካርቶን ክዳን ከአበባው ጀርባ ይዘን ቆምን። ከዚያ ነፋሱ እስኪያርፍ ጠበቅን። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለን አይጠየቅም!

ከ40 ፎቶ ያማሩልን 3 ናቸው። በአንዱ ላይ የአደይዋ ቅጠል ስር የለበሰ ስስ ፀጉር ሳይቀር ይታያል። ስንት መስከረም አጠገቧ ቆመን ይህን አይተን አናውቅም ነበር። ካሜራዋ ያው ያቺው ናት። ያልነበረው የኛ ትዕግሥት ነው።

ውድ ካሜራ አንፈልግም እያልን አይደለም፤ የሚሰጠን ካለ እሰየው! እስከዚያው ግን ያላችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ የጫማ ካርቶኑንም አትርሱ።

ቸር እንሰንብት።