አራሷም ትግባ

ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በነሐሴ ዝናብ ነው። ሴት ልጅ ተወልዳለች። እልልታው ቀልጧል፣ ገንፎው ተበልቷል፣ የብሎኩ ሴቶች በየተራ እየገቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለዋል። አያቲቱ ከጉለሌ ቅቤያቸውን አንጥረው፣ የአጥሚት እህላቸውን አስፈጭተው መጥተው አራስ ቤቱን ከተረከቡ ሰንብተዋል። ማን እንደሚገባ፣ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት፣ አራሷ ምን እንደምትቀምስ የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

አንድ ማታ አባትየው አጠገባቸው መጥቶ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ፎቶ አንሺ ቀጥሬያለሁ። ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ቤት መጥታ ሕፃኗን ታነሳልናለች።»

አያቲቱ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። «ክርስትና ሳትነሳ?»

ቤቱ ዝም አለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ። እስከዚያ ድረስ ሕፃን ከባዕድ ዓይን ይሸሸጋል፣ አራስም ብቻዋን አትተውም፣ ከራስጌዋም ብረት አይጠፋም። በዚህ ፍርሃት ከሚስቁት ወገን አይደለሁም። ስንቱ ቤት ልጁን ገና ከወር ሳትዘልቅ ቀብሯል! ሸሽጉ ያሉን እናቶች ያዩትን አይተው ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ እንዳይስማትና እንዳይስልባት ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ሐኪምም የሚለው ይህንኑ ነው።

ፎቶ አንሺዎችም ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የጨቅላ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች አብዝተው የሚመርጡት ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ያለውን ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ሕፃን ከ24ቱ ሰዓት 16 ወይም 17ቱን ትተኛለች። እግሯንም እጇንም ማኅፀን ውስጥ እንደነበረችው ትሰበስባለች፣ ሲያገላብጧትም ቶሎ አትነቃም። ሦስት ሳምንት ሲሞላት ፊቷ ላይ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፣ ሆዷን ይነፋታል፣ እጅ እግሯን መዘርጋት ትጀምራለች። በ80 ቀኗማ ፈገግ የምትል፣ ሰው ዓይን ዓይን የምታይ ሌላ ልጅ ሆናለች። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት ቀጠሮ ተጋጨ።

ፎቶ አንሺዋ ይህንን በስልክ ስትሰማ አልተከራከረችም። «አያቷን አገናኙኝ» አለች። «እማማ፣ እርስዎ እንዴት ቢሆን ይሻላል ይላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው በሩን አይዘጋም። ተነጋገሩና ተስማሙ። ሕፃኗ ትነሳለች፤ ፎቶው ግን ክርስትናዋ እስኪደርስ ከቤት አይወጣም። ፌስቡክ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ የፎቶ አንሺዋ ገጽ ላይም አይወጣም። ይህም በውላቸው ላይ ተጻፈ። አያቲቱ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ከውጭ የመጣ ሰው ቀጥታ አራስ ቤት አይገባም። ተቀምጠሽ፣ አርፈሽ፣ ታጥበሽ ነው ልጄን የምትነኪያት። ጉንፋን ከያዘሽም ቅሪ።» ፎቶ አንሺዋም ድሮም የምትሠራው እንዲሁ እንደሆነ፣ ቀለበቷንና ሰዓቷን አውልቃ እስከ ክርኗ እንደምትታጠብ፣ ሽቶም እንደማትቀባ ነገረቻቸው። አያቲቱ ስልኩን ሲመልሱ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። የሙስሊም ቤት ቢሆን ደግሞ የሰባተኛው ቀን የአቂቃ ድግስ ታስቦ ነው ቀኑ የሚያዘው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የቤቱን ወግ ይጠይቃል።

ረቡዕ ዕለት ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ምንጣፍ ተነሳ፣ መጋረጃ ወረደ፣ የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ሊታጠብ ተደረደረ። ይባስ ብሎ አራሷ እያቃሰተች ተነስታ የትራስ ልብስ ልትቀይር ስትል ስልክ ጮኸ። ፎቶ አንሺዋ ነበረች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲነግሯት ደነገጠች። «ኧረ ተዉት! እኔ የምፈልገው አንድ መስኮትና ከሥሩ ሁለት ሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ቤት ፎቶው ውስጥ አይገባም። አራሷ ትተኛ።»

በዚያ ቀን ከተሰጠው ምክር ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ለልጅ ፎቶ ተብሎ የአራስ ጉልበት አይፈስም። ዕቃ ማንሳቱን አባት ይችለዋል፤ አልጋውንም እየገፋ መስኮቱ ሥር ያደረሰው እሱ ነው።

መስኮቱ ለምን? ብርሃን ከጎን ሲመጣ የሕፃን ጉንጭ ክብነቱ፣ የጣቷ መስመር፣ የጆሮዋ ጠጉር ሳይቀር ይታያል። ከላይ ከጣሪያ የሚወርድ አምፖል ግን ዓይኗ ሥር ጥላ ይጥላል፣ ቆዳዋንም ቢጫ ያስመስላል። ስለዚህ ቀን በሚነሳ ፎቶ አምፖል ይጠፋል። ፀሐይዋ ከበረታች ደግሞ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይጋረዳል፤ ለዚህ ነጠላን የሚያህል የለም። ቀለምም ነገር አለው። ጎረቤት ያመጣው ደማቅ ቀይ ብርድ ልብስ ሕፃኗ አጠገብ ከተነጠፈ ቅላቱ ጉንጯ ላይ ያርፋል፤ አረንጓዴም እንዲሁ ነው። ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ የክር ቀለም ቢሆን ይመረጣል። አያቲቱ ይህን ሲሰሙ ከሣጥናቸው ጥለቱ ጠበብ ያለ ጋቢ አወጡ። አባትየውም ደረቱ ላይ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበትን ቲሸርት በነጭ ሸሚዝ ለወጠ።

ቅባትም አለ። በእኛ ቤት ሕፃን ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ታሽታ ነው ፀሐይ የምትሞቀው። ቅባቱ ግን በመስኮት ብርሃን ያብለጨልጫል፣ ቆዳዋን ላብ ያጠመቀው ያስመስለዋል። ለዚያ አንድ ጠዋት ቀረ። ዳይፐሯና ካልሲዋም ከፎቶው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ላላ ተደረገ፤ የላስቲክ ምልክት ከጨቅላ ቆዳ ላይ ቶሎ አይጠፋም።

አሁን ወደ ብርዱ ልውሰዳችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በነሐሴ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ጋቢ ያስደርባል። አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ ስቡ ጥቂት ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦም ራሱን ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ ልብሷ ወልቆ የምትነሳ ከሆነ ክፍሉ 26 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ትልቁ ሰው ሞቆት የሸሚዙን እጅጌ ሲጠቀልል ለሕፃኗ በቃት ማለት ነው። ሐሙስ ማለዳ አያቲቱ ይህንን አስበው ምድጃ ከሰል አቀጣጥለው፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ክፍሉ ሊያስገቡ በር ላይ ደረሱ።

እዚህ ላይ አባትየው ቆመ። አማቱን በጣም ያከብራል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎባቸውም አያውቅም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሰል አይገባም» አለ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሰው እንቅልፍ መጣብኝ ሲል በዚያው ያስቀረዋል። በክረምት ስንት ቤተሰብ እንዲህ እንዳለቀ ሰምታችኋል። አያቲቱ ፍሙን ደረጃው ላይ መለሱት። በምትኩ የኤሌክትሪክ ሂተር ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ ከመጋረጃም ተለይቶ ተተከለ።

ፎቶ አንሺዋ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ተቀመጠች፣ አረፈች፣ ታጠበች። ከራስጌ ትራስ ሥር ያለውን ቢላዋ አየች፤ ምንም ሳትል ለአያቲቱ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም አንስተው ሕፃን ከማይደርስበት ከቁም ሣጥኑ ላይ አኖሩት። ከዚያ መጀመሪያ የጠራችው ማንን ይመስላችኋል? ሚጣን፣ የአራት ዓመቷን ታላቅ እህት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትልቅ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ይታገሣል፣ የአራት ዓመት ልጅ ግን ሩብ ሰዓትም አይበረክት። ደግሞም እህቷ ከተወለደች ወዲህ ሚጣ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «አትንኪ፣ አትጩኺ፣ ውጪ» ነው። ፎቶ አንሺዋ አልጋው መሃል አስተኛቻትና ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ አጠገቧ አስጠጋች። አያቲቱ በዚያ በኩል እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። «ምን ምን ትሸታለች እስቲ?» አለቻት። ሚጣ አፍንጫዋን ከእህቷ ጭንቅላት አስጠግታ አሸተተች። «ወተት!» ብላ ሳቀች። ፎቶው ተነሳ። ከዚያም ሚጣ ብስኩቷን ይዛ ወደ ጎረቤት ሄደች፣ ማንም አላስቆማትም።

አባትየው ስልኩን አወጣ። ከኢንተርኔት ያስቀመጠው ፎቶ ነበር፦ ጨቅላ አገጩን በሁለት መዳፉ ደግፎ፣ በክርኑ ተመርኩዞ። «እንደዚህ እንድትሆንልኝ ነው።» ቀጥሎም ሕፃን መሶብ ውስጥ የተኛችበትን አሳየ።

ፎቶ አንሺዋ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጨቅላ አንገቱን አይችልም፤ ያ ፎቶ የሁለት ፎቶ ስፌት ነው። በአንዱ ሰው ጭንቅላቱን ከላይ ይዟል፣ በሌላው እጆቹን ከታች ይዟል፤ በኋላ በኮምፒውተር የሰውየው ጣቶች ይጠፋሉ። ልጁ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ሳይያዝ አልቀረም። ይህንን የማያውቅ ወላጅ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ እኔ ዛሬ የምተርክላችሁበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። መሶቡም ይገለበጣል። «ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ እጅህ አጠገቧ ሆኖ ይበቃናል» አለችው። አባትየውም ተቀበላት። የእሱ መዳፍና የሕፃኗ እግር አብረው የወጡበት ፎቶ ከዚያ የመጣ ነው።

ሕፃኗ ጠብታ፣ ጠግባ፣ ተገልጣ በተኛችበት ሰዓት መብራት ጠፋ።

ሂተሩ ቀጭ አለና ዝም አለ። ውጭ ዝናቡ ያጓራል። ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን አስቀመጠችና «አራሷ ትምጣ፣ ደረቷ ላይ እናድርጋት» አለች። ቆዳ ለቆዳ ከእናት ደረት የሚሻል ማሞቂያ የለም፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳይቀሩ በሆስፒታል የሚሞቁት እንዲሁ ነው።

እናትየው መጣች፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ ጋቢም ደረበችባቸው። ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን ስታነሳ ግን ፊቷን አዞረች። «እኔን አይደለም። ፊቴ አብጧል፣ ጠጉሬ ቅቤ ነው፣ ሆዴም ገና ነው። ጋቢውን ልከናነብልሽና እሷን ብቻ አንሺያት።»

ወዳጆቼ፣ ይህቺ ሴት ሳታውቀው የተናገረችው የቆየ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የፎቶው መስታወት ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነበርና ሕፃን ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ስለዚህ እናት ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ ጨርቅ ተከናንባ ወንበር መስላ ትቀመጥና ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ትይዝ ነበር። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም አሉ። ልጁ በዳንቴል አጊጧል፤ ከኋላው የቆመ መጋረጃ የሚመስለው እናቱ ናት። ባየኋቸው ቁጥር ያንን ጨርቅ ገፍፌ ባየኋት እላለሁ።

የመለሱላት አያቲቱ ናቸው። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ክርስትና የተነሳሽ ዕለት ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄደን ነበር።» አዲስ አበባ ፎቶ ቤት መሄድ የለመደች ከተማ ናት። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆነ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ከተረከቡ ወዲህ ሰው ለሰርጉም ለክርስትናውም ለብሶ ይሄዳል። «የክርስትና እናትሽ ይዛሽ ተነሳች። አባትሽም ተነሳ። እኔን ‹ነይ ግቢ› ሲሉኝ ቀሚሴ ወተት ነክቶታል አልኩና ጥግ ቆምኩ። ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለሽ? ያቺ ወተት የነካት ቀሚስ ዛሬ ብትታይ ምን ነበረበት? በዚያ ዕድሜሽ አቅፌሽ የተነሳሁት አንድ ፎቶ የለኝም። ፊትሽን መልሺ፣ ልጄ።»

እናትየው አለቀሰች፤ ከዚያ ጋቢውን ከራሷ ወደ ትከሻዋ አወረደች። ሻሿን አያቲቱ አስተካከሉላት። ነጠላ በተጋረደው መስኮት የዝናብ ቀን ብርሃን ለስለስ ብሎ ገብቷል፤ ለእንዲህ ያለ ፎቶ ከፀሐይ ይልቅ ደመና ይመቻል። ጨቅላ አጥርታ የምታየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ያም ከእናት ደረት እስከ እናት ፊት ነው። ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች፣ እናትዋም ወደ ታች አየቻት። ፎቶ አንሺዋ «ወደ እኔ እዪ» አላለችም። አያቲቱንም በኋላ አስገባቻቸው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ጋቢ ተነሳ።

መብራቱ እስከ ስምንት ሰዓት አልመጣም፣ ማንም ግን አልጠየቀውም።

ክርስትናው በጥቅምት ማብቂያ ሆነ። ፎቶዎቹም ያን ዕለት ወጡ፤ አያቲቱ ግን ስልክ ላይ አይበቃም ብለው በወረቀት አሳጠቧቸው፣ ትልቁን በፍሬም አድርገው ለጉለሌው ቤታቸው ወሰዱት። እዚያ አንዲት ጎረቤት ልጇ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናትና የፎቶ አንሺዋን ስልክ ጠየቀቻቸው።

«ዛሬውኑ ደውይላት» አሉ አያቲቱ። «ስትወልድ እደውላለሁ ካልሽ ቀኑ ተይዞ ታገኚዋለሽ። የምትወልድበትን ወር ብቻ ንገሪያት፣ እሷ ሳምንቱን ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች። ምጡ ከቀደመ ወይ ከዘገየ፣ ወይ በኦፕሬሽን ከወለደች ይለወጣል፤ አራስ ቁስሏ ሳይጠግግ ማንም አያስነሳትም። ለልጅሽም ከአሁኑ ንገሪያት፣ ነጭ ቀሚስ ታዘጋጅ። ለራሷ ነው የምልሽ፤ ለሕፃኑ ጋቢ እኔ አውስሻለሁ።»