አገር አቅኚዎች በሄዱበት መንገድ

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱት ባብዛኛው ዘመድ ወዳለበት ከተማ ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ በየዓመቱ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ። ደግ ነው፤ ዘመድ ይጠየቅ። ግን ልጁ የተወለደበትን አገር ከመኪና መስኮትና ከአክስቱ ሳሎን በቀር ሳያየው ያድጋል። ያ አገር ነገ የእሱ ነው፤ ግብር የሚከፍልበት፣ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ምናልባትም የሚቀበርበት። መሬቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ሳያውቅ እንዴት ያለ ዜጋ ይሆናል?

ኮሎራዶን እንውሰድ። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሦስት አራት ሰዓት የነዳ ሰው፣ ነብራስካ ውስጥ አሽ ሆሎው ከሚባለው ታሪካዊ ፓርክ ይደርሳል። ከዚያ በቺምኒ ሮክ በኩል አድርጎ ፎርት ሮቢንሰን፣ ቀጥሎም ደቡብ ዳኮታ ገብቶ ከስተር ፓርክ። አንድ ሳምንት ይበቃል። ድንኳን ያለው ድንኳኑን ይተክላል፤ የሌለው ፎርት ሮቢንሰን ውስጥ የጥንት መኮንኖች ይኖሩባቸው የነበሩትን ቤቶች ተከራይቶ ያድራል። ቤቶቹ ቀድመው ስለሚያዙ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያሻል። ለመኪናው የፓርክ መግቢያ ፈቃድ መግዛትም አይረሳ።

በዚህ መንገድ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥማችሁ ቃል ‹‹ፓዮኒር›› ነው። እኛ ‹‹አቅኚ›› እንለዋለን። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ማቅናት ማለት የጎበጠውን ቀጥ ማድረግ ነው። ‹‹እገሌ አገር አቀና›› ስንል፣ ሰውየው ከመድረሱ በፊት አገሩ ጎብጦ ኖሯል ማለታችን ነው። የዳግማዊ ምኒልክን የደቡብ ዘመቻ አንዱ ማቅናት፣ ሌላው ወረራ እያለ የሚሟገተው ሙግት ግማሹ ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው። አሜሪካኖቹም ከራሳቸው ቃል ጋር እንዲሁ ይታገላሉ።

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልናገር። ከ1840ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የባቡሩ ሐዲድ አህጉሩን አቋርጦ እስከተገናኘበት እስከ 1869 ድረስ፣ ከ300,000 የማያንስ ሰው በሠረገላ ወደ ኦሪገን፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ ተጉዟል። የኦሪገኑ መንገድ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ሠረገላው በዕቃ ስለሚሞላ ሰዉ ብዙውን መንገድ በእግሩ ነው የሄደው። ብዙ ሰው የጨረሰውም ፊልም ላይ የምናየው ቀስት ሳይሆን ኮሌራ ነው። አሽ ሆሎው አጠገብ ዊንድላስ ሂል የሚባል ቁልቁለት አለ። ሠረገላው እንዳይንከባለል መንኮራኩሩን ጠፍረው፣ በገመድ እየያዙ ነበር የሚያወርዱት። መንኮራኩሩ የቦረቦረው መሬት ዛሬም ይታያል። ልጅን እዚያ ቦይ አጠገብ ማቆም አንድ ምዕራፍ ከማስነበብ ይበልጣል። ልጆቻቸውን የተሻለ ቦታ ለማድረስ ቤት ንብረታቸውን ሸጠው የተነሡ ሰዎች መንገድ ነው። ይህን የእኛ ስደተኛ አባት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ከዚያው ከወንዙ ማዶ፣ ብሉ ዋተር በሚባል ጅረት ዳር ሌላ ታሪክ አለ። ኦገስት 1854፣ ፎርት ላራሚ አጠገብ የአንድ መንገደኛ ላም ከመንጋዋ ተለይታ ስትባዝን አንድ የላኮታ ሰው አርዶ በላት። የላኮታው አለቃ ኮንከሪንግ ቤር ካሳ ልስጥ ብሎ ፈረስ አቀረበ። እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያልቅ ነገር ነው። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ግን 29 ወታደርና መድፍ ይዞ ሄደ። አለቃው በጥይት ቆስሎ ሞተ፤ መቶ አለቃውም ከነወታደሮቹ አለቀ። በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1855፣ ጄኔራል ዊሊያም ሃርኒ ብሉ ዋተር ዳር በሰፈሩት ላኮታዎች ላይ ዘምቶ 86 ሰው ተገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሁሉ ነገር በአንዲት ላም ተጀመረ።

ፎርት ሮቢንሰን ደግሞ የላኮታው ጀግና ክሬዚ ሆርስ የሞተበት ነው። እጁን በሰጠ በአራት ወሩ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1877፣ ሊያስሩት ሲሉ ታግሎ በሳንጃ ተወጋ። ዘብ ቤቱ እንደገና ተሠርቶ ቆሟል። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ሰሜን ሸየኖች ናቸው። በግድ ወደ ኦክላሆማ ተወስደው በረሃብና በበሽታ ሲያልቁ፣ ‹‹አገራችን ገብተን እንሙት›› ብለው በእግር በፈረስ ተመለሱ። ከእነሱ 149ኙ ተይዘው እዚህ ታሰሩ። ወደ ደቡብ አንመለስም ሲሉ ምግብና ማገዶ ተከለከሉ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1879 ሌሊት በመስኮት ዘለው በበረዶ ውስጥ ሸሹ፤ ስልሳ ያህሉ ተገደሉ።

የእኛ ሰው በተለይ ሊዘጋጅበት የሚገባ ጥያቄም እዚሁ አለ። ከ1885 እስከ 1898 በዚህ ምሽግ የሰፈሩት የ9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ወታደሮች ጥቁሮች ነበሩ። ‹‹በፋሎ ሶልጀርስ›› ይሏቸዋል። ከባርነት የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው መለዮ ለብሰው፣ ደመወዝና ክብር ባገኙበት ቦታ ለተነጠቀ መሬት ዘብ ቆሙ። ልጁ ‹‹ታዲያ እነሱ ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን በአንድ ቃል አትዝጉበት።

‹‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም›› ይባላል። ከስተር ፓርክ ውስጥ ከሲልቫን ሐይቅ የሚነሣው የእግር መንገድ ከደቡብ ዳኮታ ከፍተኛው ጫፍ ያደርሳል። ተራራው ለረጅም ዘመን በዚያው በጄኔራል ሃርኒ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ በ2016 የላኮታ የመንፈስ ሰው በነበረው በብላክ ኤልክ ስም ተሰየመ። 161 ዓመት መሆኑ ነው። ፓርኩ ግን ዛሬም የከስተርን ስም እንደያዘ ነው። በ1868 ውል ለላኮታዎች ወደተተወው ተራራ በ1874 ጦር አስከትሎ ገብቶ፣ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ እንዲነዛ ያደረገው ሰውዬ። ልጆቹ በሜዳው የሚግጡትን ጎሾች ሲያዩ ይፈነድቃሉ። ሊጠፉ ከተቃረቡ በኋላ በ1914 በ36 ራስ የተጀመረው መንጋ ነው።

ማታ እሳት ዳር ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ እዚህ ማን መጣ? ከመምጣቱ በፊትስ እዚህ ማን ነበር? ሁለቱንም አብሮ መጠየቅ የአቅኚውን ድካም አያረክስም፤ የተነቀለውንም ሰው ከታሪክ አያስወጣም። አንድ ነገር ግን ወላጆች ከወዲሁ ይወቁት፤ ልጅ አንድ ቦታ የለመደውን ጥያቄ ሌላ ቦታም ይዞት ይሄዳል። አያቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ በየሐውልቱ ሥር ቆሞ ‹‹ከመቅናቱ በፊትስ እዚህ ማን ነበር?›› ሊለን ይችላል። መልሱን እኛም ካሁኑ ብናስብበት ይሻላል።