ሰፌድ ከካሮላይና

አምና ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ቤቴ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ክብ የሣር ስፌት ሰጠኝ። እናቴ ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው። ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችና፣ «ሣሩ አክርማ አይደለም፤ አሰፋፉ ግን የኛው ነው» አለች። ልጁ የሰፋችው ጥቁር አሜሪካዊት መሆኗን፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ መንገድ ዳር እንደገዛት ነገራት። «ታዲያ ሣሩን ከየት ታመጣዋለች?» አለችው። ልጁ አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። ስንት ዓመት ስለ ቅርስ ለተማሪ ሳስተምር ኖሬ፣ ሣሩ ከየት ይመጣል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ጠየቅሁ እንግዲህ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፌቱ የጉላ ጊቺ ሕዝብ ሥራ ነው። ከሰሜን ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ያ አገር የሩዝ አገር ነበር። በቻርልስተን ገበያ ከሴኔጋምቢያና ከሴራሊዮን አካባቢ፣ ማለትም ሩዝ ከሚያበቅል ምድር የመጣ ባሪያ ይፈለግ ነበር። ጌቶቹ ጉልበት ብቻ ሳይሆን እውቀትም ነው የዘረፉት። የተወቀጠው ሩዝ ከገለባው የሚለየው በሰፊ የሣር ሰፌድ ነበር፤ ልክ እናቶቻችን እንደሚያበጥሩት። ሰዎቹ ዛሬም እንደኛ «ሰፋሁ» ነው የሚሉት። በወስፌ ፋንታ የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ ከማንኪያ እጀታ የተሞረደ መውጊያ ነው።

ጦርነቱ በ1865 አብቅቶ ባርነት ቀረ። የሩዝ እርሻውም እየተዳከመ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጠፋ። ሩዝ ከሌለ ሰፌድ ምን ይሠራል? በሥርዓቱ ቢሆን ሙዚየም ገብቶ አቧራ መጠጣት ነበረበት።

ያዳነው ገበያ ነው። በ1916 አንድ የቻርልስተን ነጋዴ ከማውንት ፕሌዘንት ሰፊዎች በብዛት እየገዛ ማከፋፈል ጀመረ። በ1929 ደግሞ በኩፐር ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ፤ አውራ ጎዳና 17 ወደ ደቡብ የሚወርደውን ባለመኪና በሰፈራቸው በኩል ያሳልፈው ጀመር። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ስፌታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ወጡ። ነጋዴው በመካከል የሚበላው ትርፍ ወደነሱ እጅ ገባ። ገዢው ሰፌድ አይፈልግማ! ስለዚህ የዳቦ መሶብ ሰፉለት፣ የእጅ ቦርሳ ሰፉለት። እኔ በመምህርነቴ ዘመን ይህን ባይ ኖሮ «ባህል ለቱሪስት ተቸረቸረ» ብዬ አንድ ሰዓት እደሰኩር ነበር። ያቺ የምትቸረችር እናት ግን ሴት ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ እያሰፋች ነበር። በ2006 ሳውዝ ካሮላይና ስፌቱን የግዛቲቱ የእጅ ጥበብ ብላ በሕግ ሰየመችው። በ2008 የማውንት ፕሌዘንቷ ልጅ ሜሪ ጃክሰን በዚሁ ሙያ የማካርተር ሽልማት አገኘች።

ደስ የሚለው እዚህ ላይ ያልቃል። ገዢን ያመጣው መንገድና ድልድይ ባለሀብትንም አመጣ። ሂልተን ሄድ ደሴት ከዋናው ምድር በድልድይ የተገናኘችው በ1956 ነው። ከዚያ በኋላ የባሕሩ ዳር በሆቴል፣ በጎልፍ ሜዳና ዘበኛ በቆመባቸው የመኖሪያ ግቢዎች ተያዘ። አንዳንዱ የጉላ መቃብር ዛሬ አጥር ውስጥ ነው፤ አያቱን ሊጎበኝ የሄደ ሰው በር ላይ ማንነቱን ይጠየቃል።

መሬቱ እንዴት ሄደ? በጉልበት ብቻ አይደለም። ነፃ የወጡት ሰዎች ጥሪታቸውን አሟጠው የገዙትን መሬት ብዙዎቹ ያለ ኑዛዜ ትተው ሞቱ። መሬቱ ሳይከፋፈል ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ የጋራ ሆነ። የውርስ ክርክር ለማናችንም እንግዳ አይደለምና ነገሩ ይገባችኋል። ኒው ዮርክ የሚኖር፣ መሬቱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ አንድ የአጎት ልጅ ድርሻውን ይሸጣል። ገዢው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ «ለመክፈል አይመችም፤ ሁሉም ይሸጥ» ይላል። እዚያው ተወልዳ ያረጀችው ሴት ቤቷ በሐራጅ ሲወጣ ቆማ ታያለች። ሳውዝ ካሮላይና ሌሎቹ ወራሾች ቅድሚያ የመግዛት መብት እንዲኖራቸው ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው። ሕጉ የተሰየመው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስምንት ምእመናን ጋር በተገደሉት ፓስተርና የምክር ቤት አባል፣ በክሌመንታ ፒንክኒ ስም ነው። ለስንቱ ቤተሰብ ግን ዘገየ!

ሣሩም ያው ነው። የሚበቅለው ከባሕሩ ዳር አሸዋ ኋላ ነው፤ ቪላ የሚሠራውም እዚያው ነው። አጥር ሲመጣ ሴቶቹ አጨዳ የሚገቡበት አጡ። ስለዚህ አንዳንዶቹ እስከ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ በእስር ይገዛሉ።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ለእናቴ ነገርኳት። «በገንዘብ ነው የሚያገኙት?» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔስ ይኸው አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ አክርማዬን ከመርካቶ አይደል የምገዛው?» አለችኝ።