መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሶማሌ ተራ ግቡ

ከአለም ባንክ፣ ከቤተል ወይም ከፉሪ ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መርካቶ ወይም ፒያሳ መድረስ ያለበት ሰው የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሸው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «አነስ ያለች መኪና» ነው። ከዚያ ደላላ ጋ ይደወላል፤ «በዚህ ብር ምን ይገኛል?» ደላላው የሚነግረን የመሸጫውን ዋጋ ነው። መኪናዋን ይዞ ለመኖር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ግን ሶማሌ ተራ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ምክራችን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት የሚል ነው። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ፣ ቀጥሎ ደላላ።

ሶማሌ ተራ እንደ ሸማ ተራና ጎማ ተራ በሚሸጥበት ዕቃ አልተጠራም፤ የመርካቶ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ የሚታየው የመኪና ዕቃ ነው። አዲሱም ያገለገለውም፣ ከካንዴላ እስከ ሙሉ ሞተር እዚያ ይገኛል። ከሥራ ቀናት በአንዱ ረፋድ ላይ ሂዱ፤ ዓርብ ከሆነ በጁሙዓ ሰዓት አካባቢ መንገዱም ሱቁም አይመችም።

ያሰባችሁትን መኪና ስምና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ የሰባት ዕቃ ዋጋ ጠይቁ፦ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ባምፐር፣ ራዲያተር፣ የፍሬን ሸራ፣ የፊት ሾክ እና ማርሹ ማንዋል ከሆነ የፍሪሲዮን ሸራ። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ግቡ። ነጋዴው «አዲስ ነው፣ ያገለገለ ነው ወይስ ኮፒ የምትፈልገው?» ብሎ መልሶ ከጠየቃችሁ መኪናዋ ገበያ ላይ በደንብ አለች ማለት ነው። «ስልክህን ተውልኝ፣ ላፈላልግልህ» ካለ ግን መልሱን አግኝታችኋል። ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሳያደርግ ዋጋዋ ቀነስ ያለ አንዲት አውሮፓ ሠራሽ ገዛ። ቀላል ግጭት የፊት መብራቷን ሰበረው፤ መብራቱ ከውጭ በሰው እጅ እስኪመጣ ሦስት ወር በታክሲ ተመላለሰ።

በዚህ መለኪያ ቶዮታን የሚስተካከል የለም። ቪትስ፣ ያሪስና ኮሮላ ዕቃቸው በየሱቁ አለ፤ የማያውቃቸው መካኒክም የለም። ቪትስ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቪትስ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጃፓን ገበያ የወጣችው መኪና ስም ነው፤ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ ተሸጠች። ጃፓን መሪው በቀኝ ስለሆነ እውነተኛ ቪትስ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ ናት። በደንብ የተሠራ ከሆነ ችግር የለውም፤ የይድረስ ይድረስ ሥራ ከሆነ ግን መሪው ይንገጫገጫል፣ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል። የፊት መብራቷም ያልተቀየረ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ግራ ስለሚያጋድል ማታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ አቅጣጫ ለሾፌሩ ወንበር የማይመች ከሆነ እሱም ምልክት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መሪው ከታች የታሰረበትን ቦታ መካኒክ አንስቶ ይየው።

ኮሮላ ከሆነ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ሞተራቸው ውስጥ ያለው ቀበቶ ጊዜውን ጠብቆ የሚቀየር ነው፤ ከ2000 ወዲህ የመጡት በአብዛኛው ሰንሰለት አላቸው። ሻጩ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ «አልተቀየረም» ብላችሁ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ ተነጋገሩ። አውቶማቲክ ስትገዙ ደግሞ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት የተጨመረበት ብዙ አይቆይም።

የሱዙኪ ዲዛየር መብዛት ምክንያት አለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዳዲስ መኪኖችን 5 በመቶ ብቻ ሲያስከፍል ባገለገሉት ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከባድ ግብር ጣለ። ዲዛየር 1,197 ሲሲ ናት። የራይድ ሾፌሮች ስለሚሠሩባት ዕቃዋም ሶማሌ ተራ በፍጥነት ገባ። ከዚያ የሚያንሱትን፣ ለምሳሌ 796 ሲሲ የሆነችውን አልቶ 800፣ ስታስቡ ግን ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ብቻችሁን ሜዳ ለሜዳ ከተመላለሳችሁ ይበቃችኋል፤ አራት ሰው ጭናችሁ ሽሮ ሜዳን የምትወጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይሰማችኋል።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ ዛሬ የምትገዟት የቤንዚን መኪና ቀድማ የገባች ናት፤ ለዓመታት የምትኖረውም በጥገና ነው። ይህም ሶማሌ ተራን ከድሮው የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ኤሌክትሪኳስ? ስሌቱን እንይ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 ቀን ብትነዱ 660 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የምትጠጣ መኪና 40 ሊትር ገደማ ቤንዚን ትፈልጋለች፤ እንደ ቢዋይዲ ሲጉል ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ግን በ80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጨርሰዋለች። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ቢመጣም ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው፤ ከፍታውም አያደክማትም። ችግሩ ቻርጅ ማድረጊያው ነው። የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ካላችሁ እኛም ኤሌክትሪኳን እናስቀድማለን። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወይም በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ ተከራዮች ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ይህን ፍቱ። የሰባቱን ዕቃ ፈተና እሷም ትፈተን፤ በተለይ ባምፐርና መብራት ላይ።

ገንዘቡ ሳይሞላ ሲቀር ወለድ ውስጥ መግባት ግድ አይደለም። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ፣ ሂጅራ ባንክና የሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች በሙራበሓ መንገድ ይሠራሉ። ባንኩ መኪናዋን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሯችሁ በክፍያ ይሸጥላችኋል። ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ ባንኩ ለእናንተ ከመሸጡ በፊት በእርግጥ ባለቤት ይሆናል ወይ? ክፍያ ቢዘገይ የሚመጣው ቅጣት ለማን ገቢ ነው? የወር ክፍያውን ስታሰሉ ደግሞ የሰባቱን ዕቃ ዋጋ ከጎኑ አስቀምጡት። ያላችሁን ብር በሙሉ ለመኪናዋ አውላችሁ ለመጀመሪያው ብልሽት መበደር የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን፣ ቦሎዋን፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች አለመሆኗን አረጋግጡ። በውክልና ብቻ ገዝቶ ስሙን ሳያዛውሩ መንዳት ሻጩ ቢሞት ከወራሾች ጋር ያጣላል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም፤ የኦሪጅናል አሮጌ ከአዲስ ኮፒ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ስፖኪዮና መብራት የሚሰረቅ ዕቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ሐራም ነው፤ ሌባውን የሚያኖረውም ገዢው ነው። መስታወቱ ላይ የተፋቀ የታርጋ ቁጥር ካያችሁ፣ ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በግማሽ ከወረደ፣ ነጋዴው ደረሰኝ ካልሰጠ፣ ተዉት። አብዛኛው ነጋዴ ዕቃውን ከየት እንዳመጣ ሳይሸማቀቅ ይነግራችኋል። መኪናዋን በገዛችሁበት ቀንም፣ ገና ሳታሳድሯት፣ የታርጋ ቁጥሯን ስፖኪዮዎቿና መብራቶቿ ላይ አስቀርጹ።