እልፍ፦ ከቁጥር ስም ወደ ብዛት ስም

«እልፍ» በግዕዝ የ10,000 ስም ነው። ከዚሁ ሥር የወጡት የዐረብኛና የዕብራይስጥ ቃላት 1,000ን ሲያመለክቱ፣ ግዕዝ ግን ሺህን «ዐሠርቱ ምእት»፣ ማለትም ዐሥር መቶ፣ እያለ ስለሚቆጥር፣ እልፍን ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ አውሎታል። የአጻጻፉም ሥርዐት ይህንኑ ይከተላል፤ ሺህ ፲፻ ተብሎ ሲጻፍ፣ የእልፍ ምልክት የሆነው ፼ ሁለት ፻ ተጣምረው የተሠራ በመሆኑ መቶ ጊዜ መቶ የሚለው ስሌት ከቅርጹ ይነበባል።

ልኩ የታወቀው ይህ ቁጥር የማይቆጠር ብዛት ስም እንዲሆን ካደረጉት መካከል ቅዱሳት መጻሕፍት ይገኙበታል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 እና በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 በዙፋኑ ዙሪያ የቆሙት መላእክት እልፍ በእልፍ ተባዝቶ ስለሚነገርላቸው፣ ቃሉ መቍጠሪያነቱ ቀርቶ ከቍጥር በላይ መሆንን መግለጫ ይሆናል። «አእላፍ» የእልፍ ብዙ ቍጥር፣ «አእላፋት» ደግሞ የብዙው ብዙ ሲሆን፣ አማርኛም «እልፍ አእላፍ» የሚለውን አነጋገር ከዚህ ወርሷል። ሕዝቡ በበኩሉ ቃሉን ፈቀቅ ማለትን ከሚገልጸው «እልፍ ማለት» ጋር አጋጥሞ፣ ሰው ባለበት ካልተወሰነ ብዙ እንደሚያገኝ ሲያስረዳ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ይላል።

በላስታ ይህ ትርጕም በሥርዐት ተገልጦ ይታያል። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለከበቡት እናቱ ንብ ንግሥናውን ዐወቀለት ስትል ስም አውጥታለታለች፤ የመንጋው ብዛትም ሊያገለግለው ባለው ሠራዊት ተመስሏል። የጌታ ልደት በሚከበርበት ታኅሣሥ 29 የንጉሡም ልደት አብሮ ስለሚታሰብ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባለውና «ማሜ ጋራ» በሚባለው የዐለት ጠርዝ ላይና ከሥሩ ባለው ግቢ ተከፍለው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የኖሎት፣ ማለትም የእረኞች፣ ምሳሌ ስለሆኑ፣ በመጻሕፍት በእልፍ የተነገረላቸው ሰማያውያን በዚያ ጠርዝ ላይ ልክ ያለው ቦታና በዐይን የሚቆጠር አካል ያገኛሉ። በአንጻሩ በዙሪያው የሚሰበሰበው ምእመን ከ10,000 እጅግ ቢልቅም መጠሪያው «እልፍ አእላፍ» እንደሆነ ይኖራል።