ከመንገድ ፋኖስ እስከ መታጠቢያ ገንዳ፦ የቤት ፊውል ሴል በጃፓን

በጃፓን ከተሞች በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች የውጭ ግድግዳ ሥር፣ የከተማው የጋዝ መስመርና የቤቱ የውሃ ቧንቧ የሚገናኙበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ቆሞ ይታያል። መሣሪያው ለቤቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ሲመነጭ አብሮ የሚፈጠረውንም ሙቀት ሳያባክን ለገላ መታጠቢያና ለወጥ ቤት የሚሆን ውሃ ያሞቅበታል። በገበያ የሚታወቅበት «ኤኔ ፋርም» የተባለው ስም ኃይልና እርሻ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተቀጠለ ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን ኃይል እንደ ጓሮ ጎመን በራሱ ደጃፍ ያበቅላል የሚል ሐሳብ ያዘለ ነው። የመሣሪያው ዋና አካል ፊውል ሴል ወይም የነዳጅ ሕዋስ የሚባለው ክፍል ነው፤ ይህም ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን ያለ ነበልባል፣ በኬሚካዊ ሂደት በማዋሃድ ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ ያስገኛል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ከሌሎች አገሮች ቀድሞ በጃፓን ቤቶች በብዛት የገባበትን ምክንያት የሚመረምር ሲሆን፣ ምክንያቱ ከቤተ ሙከራው ይልቅ በጋዝ ኩባንያዎች ታሪክና በጃፓናውያን የምሽት መታጠብ ልማድ ውስጥ ይገኛል የሚል አቋም አለው። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፊውል ሴል የመጀመሪያ ሙከራ በዌልስ ከስዋንዚ ከተማ ተወላጅ ከዊሊያም ግሮቭ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ሕግ አዋቂና በኋላም ዳኛ የነበረው ይህ ሰው፣ በ1839 ሁለት የፕላቲኒየም ኤሌክትሮዶችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ አንዱን ከሃይድሮጅን ሌላውን ከኦክስጅን ጋር በማገናኘት በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ አሳየ፤ በዚያው ጊዜ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ሾንባይንም ስለዚሁ ክስተት ጽፏል። ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሁለቱ ጋዞች እንደሚከፍለው ሁሉ፣ ሁለቱ ጋዞች ተመልሰው ውሃ ሲሆኑ ኤሌክትሪኩን ይመልሳሉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በእንፋሎትና በውሃ ኃይል የሚዞረው ጄኔሬተር በርካሽ ኤሌክትሪክ ማመንጨት በመቻሉ፣ የግሮቭ ግኝት ለመቶ ዓመት ያህል ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ቆየ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ባከን በ1959 5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ፊውል ሴል ለእይታ ካቀረበ በኋላ፣ አሜሪካውያን በጄሚኒና በአፖሎ መንኮራኩሮቻቸው በዚህ ዘዴ ተጠቀሙ፤ በአፖሎ ጉዞዎችም ከሕዋሱ የወጣውን ውሃ ጠፈርተኞቹ ጠጡት። ለጠፈር ጉዞ ወጪው አሳሳቢ አልነበረም፤ ወደ ተራ ሰው ቤት ለመግባት ግን ወጪውን የሚያካክስ ሌላ ጥቅም መገኘት ነበረበት።

በጃፓን ጋዝ ወደ ሕዝብ ሕይወት የገባው በብርሃንነት ነው። እዚህ ላይ ጋዝ ሲባል በአማርኛ በተለምዶ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የሚባለውን ፈሳሽ ሳይሆን፣ በቧንቧ የሚሰራጨውን አየር መሰል ነዳጅ ማለት ነው። ታካሺማ ካኤሞን የተባለው ነጋዴ በ1872 የዮኮሃማን ጎዳናዎች በጋዝ ፋኖስ ካስበራ በኋላ፣ በ1874 የቶኪዮው የጊንዛ መንገድ ተከተለ፤ በ1885 ደግሞ የዘመኑ ታላቅ የንግድ ሰው ሺቡሳዋ ኤይቺ የመራው የቶኪዮ ጋዝ ኩባንያ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቶኪዮ ዴንቶ የተባለው ኩባንያ ኤሌክትሪክ ማሰራጨት ጀመረ። ዴንቶ የሚለው ቃል የኤሌክትሪክ መብራት ማለት ነው፤ በአማርኛ ዛሬም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» እንደሚባለው ሁሉ፣ በዚያም አዲሱ ኃይል ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያ አገልግሎቱ ነበር። በብርሃን ውድድር የተሸነፈው ጋዝ ወደ ምድጃ፣ ወደ ሩዝ መቀቀያና ወደ ውሃ ማሞቂያ አፈገፈገ። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች፣ ሙቀቱ የጋዝ ኩባንያዎች ድርሻ የሆነ ያህል ተለያይተው ኖሩ፤ የፊውል ሴል ታሪክም ጋዝ ያጣውን ስፍራ በሌላ በር ተመልሶ ለመያዝ ያደረገው ጥረት ታሪክ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

በሩን የከፈተው መታጠቢያው ነው። በጃፓን ልማድ ሰው ገላውን በሳሙና የሚታጠበው ከገንዳው ውጭ ሲሆን፣ ከጸዳ በኋላ እስከ አንገቱ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ስለማይቆሽሽ የቤቱ ሰዎች በየተራ ይገቡበታል፤ በመካከል ሲበርድም እንደገና ይሞቃል። በጥንቱ የገጠር ቤት ይህ የሚደረገው ከሥሩ የማገዶ እሳት በሚነድበት ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ነበር፤ ገላ ታጣቢው ብረቱ እንዳያቃጥለው እንጨት ረግጦ ይገባል። ጋኑ የተሰየመው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፈላ ጋን ተቀቅሎ እንደተገደለ በሚነገርለት ኢሺካዋ ጎኤሞን በተባለ ሽፍታ ስም መሆኑ፣ ስሙን ለሚሰማ እንግዳ ቢያስደነግጥም፣ ዕቃው ለባለቤቶቹ የቀን ድካም መርሻ ነበር። በከተማ ደግሞ ብዙው ሕዝብ ይታጠብ የነበረው ሴንቶ በሚባሉ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ነው፤ ቁጥራቸው ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ1968 ወደ 18,000 ይጠጉ ነበር። በ1963 የራሳቸው መታጠቢያ የነበራቸው መኖሪያ ቤቶች 59 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት የቤቶች ኮርፖሬሽን ሕንፃዎች እየበዙና ጭሱን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የጋዝ ማሞቂያ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ገንዳው ከሠፈር ወደ ቤት ገባ፤ ሴንቶዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ስለዚህ የአንድ ጃፓናዊ ቤተሰብ ምሽት ወደ 200 ሊትር የሚጠጋና 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለፈ ውሃ የሚጠይቅ ሆነ፤ ይህም በየዕለቱ፣ በበጋም በክረምትም፣ በታወቀ ሰዓት የሚመለስ የሙቀት ፍላጎት ነው። ይህን የመሰለ አስተማማኝ ፍላጎት በሌሎች አገሮች ቤቶች ማግኘት ቀላል አይደለም፤ በአውሮፓ የቤት ማሞቂያ በክረምት ብዙ ሙቀት ቢወስድም በበጋ ሥራ ይፈታል።

ጋዝን በቤት ደጃፍ ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጡ ሙከራ ግን የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በ1967 የአሜሪካ ጋዝ ኩባንያዎች የአፖሎን ፊውል ሴል ከሠራው ከፕራት ኤንድ ዊትኒ ጋር በመተባበር ታርጌት የተባለውን የምርምር መርሐ ግብር አቋቋሙ፤ ሁሉ ነገራቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤቶች እየበዙ ደንበኞቻቸውን እየወሰዱባቸው ስለነበር፣ እነርሱም በጋዝ ቧንቧ ኤሌክትሪክ ማቅረብ ፈለጉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ 12.5 ኪሎዋት የሚያመነጩና በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠሩ መሣሪያዎች በቤቶችና በሱቆች ተተክለው ተሞከሩ፤ የቶኪዮና የኦሳካ ጋዝ ኩባንያዎችም በ1972 ተባባሪ ሆኑ። መርሐ ግብሩ ለገበያ የሚበቃ መሣሪያ ሳያስገኝ ቢያበቃም፣ ጃፓናውያኑ ሐሳቡን ይዘው ተመለሱ። ጊዜውም ረዳቸው፤ በ1973 የነዳጅ ዘይት ቀውስ ሲመጣ፣ ዘይቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ የምታስገባው ጃፓን ደነገጠች፤ መንግሥትም በ1974 አዳዲስ የኃይል ምንጮችን የሚያጠናውን የፀሐይ ብርሃን ዕቅድ፣ በ1978 ደግሞ ቁጠባን የሚመለከተውን የጨረቃ ብርሃን ዕቅድ አወጣ፤ ፊውል ሴልም በ1981 በዚሁ ሁለተኛ ዕቅድ ውስጥ ተካተተ። ከ1969 ጀምሮ በመርከብ ከአላስካ የሚመጣው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከከሰል የሚሠራውን የቀድሞውን ጋዝ እየተካ ስለነበር፣ በሃይድሮጅን የበለጸገ ነዳጅ በየቤቱ በር ደርሶ ነበር።

የመሐንዲሶቹ ድካም የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። በቧንቧው የሚመጣው ሃይድሮጅን ሳይሆን ሜቴን በመሆኑ፣ በመጀመሪያ መፍሰሱ በጠረን እንዲታወቅ የተጨመረበት የድኝ ውሕድ መወገድ አለበት፤ ቀጥሎ ጋዙ በከፍተኛ ሙቀት ከውሃ እንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ወደ ሃይድሮጅን ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድም የሕዋሱን ፕላቲኒየም ስለሚመርዝ፣ ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ እስከማይሞላ ድረስ መጣራት ይኖርበታል። በኬሚካል ፋብሪካ ሰፊ ቦታ ይዞ የሚከናወነው ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ ባለሙያ ሳይቆምበት፣ በየቀኑ እየተነሣና እየቆመ ለዓመታት መሠራት ነበረበት። ሕዝቡ የሚያደንቀው ሕዋሱን ቢሆንም፣ የቤት ፊውል ሴል እውነተኛ ጀግንነት በዚህ በማይታየው የነዳጅ ማሰናጃ ክፍል ውስጥ እንዳለ መመስከር ተገቢ ነው።

በ2005 ሁለት ፋብሪካዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ግቢ ተተከሉ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 2008 በጀት ዓመት መጨረሻ 3,307 መሣሪያዎች በተራ ሰዎች ቤት ገብተው ጠባያቸው ተመዘገበ። ይህ ሰፊ ሙከራ የጃፓንን መንገድ ከሌሎች የለየ ውሳኔ ነው፤ ጉድለቶቹ የታወቁት በእውነተኛ ቤተሰቦች ውሃ አጠቃቀም ነውና። በ2008 ኩባንያዎቹ ሁሉ በአንድ የጋራ ስም ለመሸጥ ተስማሙ፤ በ2009 ኤኔ ፋርም ለሽያጭ ሲቀርብ በቶኪዮ 3.465 ሚሊዮን የን ዋጋ ነበረው፤ መንግሥትም እስከ 1.4 ሚሊዮን የን ይደጉም ነበር። በ2013 አዲሱ ሞዴል ከ2 ሚሊዮን የን በታች ወረደ።

የአሠራሩ ሒሳብ ከገንዳው ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ከቁጥሮቹ ይታያል። ስስ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ያለው የሕዋስ ዓይነት 0.7 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ወደ 1 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ በዚህ ሙቀት 200 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 10 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። መሣሪያው የቤተሰቡን የመታጠቢያ ሰዓት በማስታወስ ጠዋት ሥራ ይጀምርና እስከ ምሽት የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፤ ማጠራቀሚያው ከሞላ ግን ሙቀቱ የሚሄድበት ስለሌለ ማመንጨቱን ያቆማል። በሌላ አነጋገር፣ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚወስነው የገንዳው ውሃ ነው። በሩቅ ማመንጫ ጣቢያ ከነዳጁ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ወደ ባሕርና ወደ አየር ሲባክን፣ በቤት ደጃፍ ግን የጋዙ አብዛኛው ኃይል ጥቅም ላይ ይውላል።

መጋቢት 11 ቀን 2011 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የመሣሪያውን ትልቅ ጉድለት አጋለጠ። በፉኩሺማ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሳቢያ በቶኪዮ ዙሪያ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲቋረጥ፣ ኤኔ ፋርም ያላቸው ቤቶችም ጨለሙ፤ መሣሪያው ሥራውን የሚያከናውነው ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቶ በመሆኑ፣ መስመሩ ሲጠፋ አብሮ እንዲቆም ተደርጎ ተሠርቶ ነበርና። በራሱ ደጃፍ ኃይል እንደሚያበቅል ለተነገረው ባለቤት ይህ መራራ እውነት ነበር፤ የመሣሪያው ሠሪዎች በራስ መቆምን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረባቸው። ከ2012 ወዲህ መብራት ሲጠፋ እየሠራ የነበረ መሣሪያ ማመንጨቱን እንዲቀጥል የሚያስችሉ ሞዴሎች ቀረቡ፤ የሕዝቡም ፍላጎት ጨመረ። በዚያው ጊዜ ከሸክላ የሚሠራውና 700 ዲግሪ ያህል ሙቀት ውስጥ የሚሠራው ሁለተኛው ዓይነት ገበያ ገባ፤ ይህኛው ከጋዙ ብዙ ኤሌክትሪክና ጥቂት ሙቀት ስለሚያወጣና ቀንና ሌሊት ሳይቆም ስለሚሠራ፣ ከገንዳው ጥገኝነት በከፊል ተላቀቀ። ኦሳካ ጋዝም ከ2016 ጀምሮ ይህ ዓይነት ከተተከለባቸው ቤቶች የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ መግዛት ጀመረ፤ በብርሃን የተሸነፈው ጋዝ ከመቶ ዓመት በኋላ መብራት ነጋዴ ሆነ።

ተፎካካሪው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከ2001 ጀምሮ የተሸጠውና ከአየር ሙቀት እየሳበ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያሞቀው ኤኮኪዩት የተባለው መሣሪያ፣ ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ቤቶች ገብቷል። አውሮፓም የጃፓንን ፈለግ ለመከተል ሞክራለች፤ በ2012 የተጀመረው ኤኔ ፊልድ የተባለው ፕሮጀክት በ10 አገሮች ወደ 1,000 የሚጠጉ መሣሪያዎችን ሲተክል፣ በ2014 የጀርመኑ ፊስማን የፓናሶኒክን ሕዋስ ለጀርመን ቤቶች አቀረበ። በጃፓን ራሱ ቶሺባ በ2017 ከሥራው ወጣ። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የነዳጁ ነው፤ ሜቴን ያለ ነበልባል ቢሠራበትም በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣቱ አይቀርም፤ አገሪቱ ደግሞ በ2020 እስከ 2050 የተጣራ ልቀቷን ዜሮ ለማድረስ ቃል ገብታለች። በቶኪዮ የኦሊምፒክ መንደር በነበረው በሃሩሚ ሠፈር ንጹሕ ሃይድሮጅን በቧንቧ መቅረብ መጀመሩ ወደፊት ሊኖር የሚችለውን መንገድ ያመለክታል፤ ሃይድሮጅኑ ራሱ ከምን እንደሚሠራ ካልተስተካከለ ግን ቧንቧው ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የጃፓን መንግሥት በ2014 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2020 1.4 ሚሊዮን፣ እስከ 2030 ደግሞ 5.3 ሚሊዮን መሣሪያዎች እንዲተከሉ አስቦ ነበር። በ2023 መጨረሻ አካባቢ ከ50 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ባሉባት አገር የተተከሉት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበሩ።